ቬርዴል የተሳሳተችበት ገጽ

ስልኩ ሲጮህ የጓሮው በረንዳ ላይ ተቀምጬ አደንጓሬ እፈለፍል ነበር። ባለቤቴ ናት። ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እንደምትደውል ያወቅሁት በሹክሹክታ ስለምታወራ ነው።

«ስፕሩል፣ ተሳስቻለሁ» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት የሆስፒታል ውጤቷን እየጠበቅን ስለነበር ልቤ ወደዚያ ሄደ። «ምኑን ነው የተሳሳትሽው? ቀጠሮውን?»

«መጽሐፉን! ሚስ ኮርዶቫን! አልሸሸችም እኮ። እዚሁ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ!»

ሹክሹክታውን ረስታው ኖሮ አንድ ሰው «እባክዎን፣ ሰዎች ያነባሉ» ሲላት ሰማሁ። እሷ ግን ትስቅ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ቬርዴል በመሳሳቷ ስትደሰት ሰምቼ አላውቅም። ወጥ ላይ ጨው ቢበዛባት እንኳ ጥፋቱ የድስቱ ነበር።

«ነይ ወደ ቤት» አልኳት። «እንቁላልሽ ጧት እንደተውሽው ነው።»

«ለውሻው ስጠው» ብላ ዘጋችው።

ቬርዴል ከሞተች በኋላ ያስተማረችበት ኮሌጅ ስለ እሷ አንድ ገጽ ጻፍልን ብሎኝ ነበር። የፈለጉት የዲግሪዎቿንና የጥናት ጽሑፎቿን ዝርዝር ይመስለኛል። እሱን የሚያውቅ ሰው ይጻፍላቸው። እኔ የማውቀው መኪና እየነዳሁ ያየሁትን ነው።

ቬርዴል ያደገችው እዚሁ ፔሪ ላንዲንግ፣ ወንዙ ዳር ነው። እናቷ ትምባሆ መጋዘን ውስጥ ቅጠል ስትለይ ኖራለች። እኛ ጋ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ዛሬ ፎቶው ተጨምሮ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይታተማል፤ ያኔ ግን አንድ ሰው በእጁ ይጽፈዋል፣ ቆሞም ያነበዋል። ቬርዴል አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ያ ሰው እሷ ሆነች። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። ከትምህርት ቤት መልስ ሐዘን ቤት ትጠራና ኩሽና ውስጥ፣ ሰው ባመጣው ዶሮና ኬክ መካከል ቦታ ተለቆላት ትጠይቃለች።

«መቼ ተወለዱ?»

«ጥጥ በሚለቀምበት ወራት ነው።»

«ስንት ልጆች ወለዱ?»

«ሰባት። ስድስት ብለሽ ጻፊ።»

«ሰባተኛው አይጻፍም?»

«ሰባተኛው ራሱ መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጻፊ ብዬሻለሁ፣ ስድስት!»

ሙያዬን የተማርኩት እዚያ ኩሽና ውስጥ ነው ትል ነበር። ቤተሰብ የሚያስቀረው ነገር የሰውየው ግማሽ ሕይወት እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። ሰው ስለ ዘመዱ መልካም ሲናገር አገጩ ቀና እንደሚል፣ ክፉ ሲናገር ግን ወደ ምድጃው እንደሚያይም ያኔ አየች።

አሥራ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረች። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ዶክትሬት ልማር ብላ ተነሣች። የመመረቂያ ሥራዋ በዚህ ወረዳ አራት ሺህ ሕፃናት ስላዋለደች አንዲት አዋላጅ ነበር። መምህሯ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ለምን የታወቀ ሰው አትመርጪም?» አሏት። «የታወቁትንማ ያውቋቸዋል» አለቻቸው። ይህ መልስ ብዙ ዋጋ አስከፍሏታል። በኋላም ኮሌጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዕድገት ሲከለክሏት ምክንያቱ አንድ ነበር፤ የምትጽፍላቸው ሰዎች ትንንሾች ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ቤት መጥታ ጎመን ከተፈች። ቢላዋው እንጂ እሷ አልተናገረችም።

ከአዋላጅዋ ቀጥሎ የጀልባ አሻጋሪውን ጻፈች፤ ከእሱ ቀጥሎ መምህርቷን ሚስ ኮርዶቫን። ሦስት መጽሐፍ በሃያ ሁለት ዓመት። እኔ ፖስተኛ ነበርኩ፤ የዓመት ፈቃዴን ለባሕር ዳርቻ ሳይሆን ለወረዳ ፍርድ ቤቶች ነው የጨረስኩት። እሷ ምድር ቤት ወርዳ የድሮ መዝገብ ታገላብጣለች፤ እኔ መኪና ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ እየበላሁ እጠብቃታለሁ። ቀሚሷ አቧራ ለብሶ ስትወጣ «አገኘሽው?» እላታለሁ። «ጥላውን አገኘሁት» ትለኛለች። «እሱ ራሱ ገና ነው።»

አንድ ሕግ ነበራት፤ ተማሪዎቿ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ስለ ሟች መልካም ለመጻፍ አንድ ምስክር ይበቃል፤ ክፉ ለመጻፍ ግን ሁለት ያስፈልጋል። «ሟች ተነሥቶ አይመልስልሽም» ትላቸው ነበር። ይህን ሕግ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው ያፈረሰችው። ሲፈርስ ግን አላወቀችም።

ሚስ ኮርዶቫ ባዝሞርን በመንደራችን የማያውቅ የለም። ከወንዙ ማዶ ካሉት እርሻዎች የሚመጡ ልጆችን ታስተምር ነበር፤ ቤታቸው ሩቅ የሆነ አሥራ አንድ ልጆች ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ1923፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት ትምህርት ቤቱን አቃጠሉት። ማን እንዳቃጠለው ሁሉም ያውቃል፤ የተጠየቀ ግን የለም። ልጆቹ በሙሉ በሕይወት ወጡ። ሚስ ኮርዶቫ ከዚያ ሳምንት በኋላ እዚህ አልታየችም። ባልቲሞር ገብታ እስክትሞት እዚያው አስተማረች። «ልጆቹን ያወጣቻቸው እሷ ናት» የሚሉ ነበሩ። «ቀድማ ሰምታ ሸሽታለች» የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይገባ ነበር።

ቬርዴል ይህን ነገር መለየት አለብኝ አለች። ሁለት ጋዜጣ አገኘች። አንደኛው የነጮቹ ሲሆን በሁለት መስመር «የኔግሮዎቹ መምህርት በራሷ ቸልተኝነት በተነሣው እሳት ግቢ ውስጥ ስትጮህ ታይታለች» ይላል። ሁለተኛው የእኛ ነው። በወደቡ ከተማ ይታተም የነበረ የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲሆን፣ ከየመንደሩ አንዲት ሴት ማን ማንን እንደጠየቀ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ ጽፋ ትልክለታለች። የእኛ መንደር ጸሐፊ ሚስስ ሎሬና ቼሪ ነበሩ። እሳቱ በተነሣበት ሳምንት በወጣው የቅዳሜ ጋዜጣ፣ በእሳቸው ዓምድ፣ እንዲህ የሚል አለ፤ «ሚስ ኮርዶቫ ባዝሞር የታመመች እህታቸውን ለመጠየቅ ማክሰኞ ጧት ወደ ባልቲሞር ተጉዘዋል።» ስለ እሳቱ ግን በዓምዱ ውስጥ አንድ ቃል የለም። ቬርዴል ይህን ዝምታ ፍርሃት ነው ብላ ተረጎመችው።

የነጮቹ ጋዜጣ ስለ እኛ እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ይህን እኔም እናቴም እናውቃለን። የእኛው ደግሞ በእኛ ላይ አይዋሽም። ስለዚህ ቬርዴል የነሱን ውሸት ስትጥል ውስጡ የነበረውን እውነት አብራ ጣለችው። በገጽ ሁለት መቶ አራት ላይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። «ሚስ ባዝሞር ከእሳቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለው መንደሩን ለቀው ነበር። ማን እንዳስጠነቀቃቸው አናውቅም።»

የጎዳው ሁለተኛው ነው።

የሚስ ኮርዶቫ የወንድም ልጅ ሚስ ኢዶራ ባዝሞር መጽሐፉ ሲወጣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቬርዴልን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በሁለት ቀን አንብበው ጨረሱ። በሚቀጥለው እሑድ ከእኛ አጠገብ ካለው የሁልጊዜ ቦታቸው ተነሥተው ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጡ። ቬርዴል የስኳር ድንች ፓይ ጋግራ ላከችላቸው። ሳህኑ በሦስተኛው ቀን ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ተመለሰ። እኛ ጋ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ቢያንስ ሁለት እንቁላል ጣል ይደረግበታል። ቬርዴል ሳህኑን ይዛ ብዙ ቆመች።

«ምናልባት ቤታቸው ምንም አልነበረ ይሆናል» አልኳት።

«ስፕሩል፣ ሴትየዋ ስድስት ዶሮ አላቸው።»

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ቬርዴል ጻፍኩት የምትለውን እውነት አልሰርዝም አለች፤ ግን አላረፈችም። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሚስ ኮርዶቫን በጫማ ሣጥን ውስጥ ካሉት የማስታወሻ ካርዶቿ ጋር ይዛ ትዞር ነበር። ሚስ ኢዶራ ዘጠና ሦስት ደረሱ። ቬርዴልም ደረጃ ስትወጣ መተንፈስ አቃታት። ሁለቱም ጊዜ እንዳልነበራቸው ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም መተላለፊያውን አልተሻገሩም።

ከቤተ መጻሕፍት በደወለችልኝ ቀን ጧት ቁርስ ላይ ነበርን። ነሐሴ ላይ ወደየአገሩ የሄዱት ልጆቻችን ተመልሰው የሚመጡበት የቤተ ክርስቲያናችን በዓል አለ። ቬርዴል በዚያ ቀን ስለ ድሮው ትምህርት ቤት እንድትናገር ተጠይቃ ስለነበር የሚስስ ቼሪን ዓምድ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። እኔ ከመጽሐፏ የግርጌ ማስታወሻዎቹን አንብቤ አላውቅም። ያንን ዓምድ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«የስንት ቀን ጋዜጣ ነው?» አልኳት።

«የቅዳሜ።»

«ማክሰኞ የሆነውን ማን አደረሰላቸው?»

«ፖስታ ነዋ! ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር? እንቁላልህን ብላ።»

«ያኔ ፖስታ ከዚህ የሚወጣው ሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር እኮ።»

«ማን አለ?»

«የድሮው ሰሌዳ መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥሩ ምሳዬን በልቻለሁ። የሰኞው በጋሪ እስከ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ረቡዕ ወደብ ይገባል። የዓርቡ እሑድ።»

ኩባያዋን አስቀመጠች። «ስለዚህ ለቅዳሜ ጋዜጣ የሚደርሰው የሰኞው ብቻ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

«ሰኞ የተላከ ደብዳቤ ማክሰኞ የሆነውን እንዴት ያውቃል?»

«አያውቅማ። ሊሆን ነው የተባለውን ነው የሚያውቀው። ሚስ ኮርዶቫ ነገ እሄዳለሁ ብላቸው ይሆናል፤ ሚስስ ቼሪም ጋዜጣው እስኪወጣ መሄዷ አይቀርም ብለው 'ሄዳለች' ብለው ጻፉ።»

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም? ያገባሽው ፖስተኛ መሆኑን ረስተሽ?»

ቦርሳዋንና የጫማ ሣጥኗን አንሥታ ወጣች። ቤተ መጻሕፍት ገብታ የሚስስ ቼሪን ዓምዶች አንድ በአንድ በካርዶቿ ላይ ከገለበጠችው የፍርድ ቤት መዝገብና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ጋር አመሳከረቻቸው። አንደኛው ዓምድ ፓስተር አይዛያ ራስኮ ረቡዕ ማታ እንደሰበኩና «ሕዝቡን ሁሉ እንዳስለቀሱ» ይናገራል። ፓስተር ራስኮ የተቀበሩት ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ነው። ድንጋያቸው ላይ ያረፉት ከረቡዑ በፊት በነበረው ማክሰኞ እንደሆነ ተጽፏል። ቬርዴል በዚያ ድንጋይ አጠገብ ስልሳ ዓመት ተመላልሳለች።

«ሰውየው ከሞቱ በኋላ ሰብከው ሕዝብ አስለቀሱ!» ትላለች እየሳቀች።

«ሕዝቡ እንኳ ማልቀሱ አልቀረም» አልኳት።

ይህ ሚስ ኮርዶቫ እንዳልሄደች አያረጋግጥም፤ ሄዳለች የሚለውን ምስክር ግን ያፈርሰዋል። የሚያረጋግጠው የተገኘው ከራሷ የጫማ ሣጥን ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት የእኛ ሐኪም፣ ዶክተር አውትላው፣ የየዕለቱን ሥራ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው። ከእሳቱ ማግስት፣ ረቡዕ፣ «ሚስ ባዝሞር፣ ግራ ክንድ፣ ቃጠሎ፣ በፋሻ አሰርኩ» ይላል። ቬርዴል ይህን ከመጽሐፉ በፊት አይታ ካርድ ላይ ገልብጣው ነበር። ሚስ ኮርዶቫ ማክሰኞ ጧት ሄዳለች ብላ ስላመነች፣ በካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ «ሌላ ባዝሞር» ብላ ጽፋ አስቀምጣዋለች። ስልኩን የደወለችልኝ ይህን ካርድ በእጇ ይዛ ነው።

በማግስቱ ሚስ ኢዶራ ቤት ወሰድኳት። ሴትየዋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመኪና ስንወርድ አዩን፤ ግን እንዳላዩን ሆኑ።

«ማነው?» አሉ።

«ፖስተኛው ነኝ፣ ሚስ ኢዶራ።»

«ጡረታ ወጥተሃል። ደብዳቤ የለኝም።»

«ሰው አምጥቻለሁ።»

«አይቻለሁ። ጉልበቴ እንጂ ዓይኔ አልደከመም።»

ቬርዴል ደረጃው ሥር ቆመች፤ አልወጣችም። «ሚስ ኢዶራ፣ ተሳስቻለሁ። አክስትዎ አልሸሹም። ሌሊቱን እዚሁ ነበሩ። ልጆቹን ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

«ይህንን እኮ ነው የነገርኩሽ። እዚሁ በረንዳ ላይ። ቀዝቃዛ ሻይ እያጠጣሁሽ።»

«አዎ፣ ነግረውኛል።»

«ባልቲሞር ሄደን ስንጠይቃት ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጅ ሆኜ በእጄ እንደዳሰስኩት ነገርኩሽ። አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«'የቤተሰብ ትዝታ በእጅ ብዛት ይለሰልሳል' ብዬ።»

«ይለሰልሳል!» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሃት፣ ስፕሩል? የበር እጀታ አደረገችኝ።»

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ጊዜው እንዳልሆነ ታየኝና ተውኩት።

«አሁንስ ማን አሳመነሽ?»

«የዶክተር አውትላው ደብተር። ደግሞም የፖስታው ጋሪ የሚወጣበት ቀን።»

«የሞተ ሐኪምና የፈረስ ጋሪ አመንሽ። እኔን በሕይወት ያለሁትን አላመንሽኝም።»

«አዎ» አለች ቬርዴል። ክርክር የምታውቅ ሴት ናት፤ ስንት ጉባኤ ላይ ሰው አፍ ስታስይዝ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን «አዎ» ብቻ ብላ ቆመች።

ሚስ ኢዶራ እግራቸው ሥር የመጣ ዶሮ አባረሩ። «አሥራ አንድ ዓመት ተቀይሜሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በዘጠና ሦስት ዓመቴ ይህን ሁሉ ቂም አሁን የት ላድርገው?»

«ለእኔ ይስጡኝ።»

«አንቺማ ቤትሽ በወረቀት ሞልቷል። ነይ ቁጭ በይ። እግርሽ አብጧል።»

ቬርዴል ደረጃውን ወጣች። ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም። ሚስ ኢዶራ ወደ መንገዱ እያዩ ጀርባዋን ያሻሹላት ነበር። ወደ መኪናው ሄጄ የጎማ ነፋስ የምመለከት መሰልኩ።

ስመለስ ሥራ ጀምረዋል።

«መጽሐፉስ?» ይላሉ ሚስ ኢዶራ።

«መጽሐፉማ ወጥቷል።»

«ከወጣ አምጡታ።»

«ስድስት መቶ ቅጂ ነው፣ ሚስ ኢዶራ። አገር ለአገር ተበትኗል።»

«አክስቴም አገር ለአገር ነው ስሟ የጠፋው።»

አሳታሚው ለአንድ ገጽ ብሎ እንደገና እንደማያትም በደብዳቤ ነገራት፤ ግን መጽሐፉን የገዙትን ቤተ መጻሕፍት ስም ዝርዝር ላከላት። ስለዚህ ገጽ ሁለት መቶ አራት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት ልናሳትም ወሰንን። ቬርዴል ሦስት መቶ ገጽ በሁለት ዓመት የጻፈች ሴት፣ ለዚያች ወረቀት ዘጠኝ ቀን ፈጀች። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለሚስ ኢዶራ አነበበችላቸው። «በቅርቡ የተገኙ ማስረጃዎች እንደሚያመለክቱት» ብሎ ይጀምራል።

«ማነው የሚያመለክተው?» አሉ ሚስ ኢዶራ። «ማስረጃ ጣት አለው? የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

በመጨረሻ የታተመው ይህ ነው፤ «በዚህ ገጽ ላይ ሚስ ኮርዶቫ ባዝሞር ከእሳቱ በፊት መንደሩን ለቀው ነበር ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። እዚሁ ነበሩ። አሥራ አንዱን ልጆች ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ክንዳቸውም ተቃጥሏል። የወንድማቸው ልጅ ይህን ነግረውኝ ነበር፤ አላመንኳቸውም። ቬርዴል ስፕሩል።»

የሆስፒታሉ ውጤት ወረቀቱ በታተመበት ሳምንት መጣ፤ ጥሩ አልነበረም። ልቧ ነው። ሐኪሙ ስለ ዕረፍት ብዙ ተናገረ። ከሆስፒታል ወጥተን መኪና ውስጥ ስንቀመጥ «ሙጫ መግዛት አለብን» አለችኝ።

በበዓሉ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር፤ ከዲትሮይት፣ ከኒውዋርክ የመጡት ሁሉ አሉ። ቬርዴል ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷት ነበር። ሃያ ወሰደች። ጋሪውን፣ ደብተሩን፣ ሟቹን ሰባኪ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሕዝቡ «በይ ንገሪን!» «እውነት ነው!» ይላታል። መጨረሻ ላይ «ይህን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ስትል ግን ጸጥ አለ። ከዚያ የሚስ ኢዶራ ድምፅ ተሰማ፤ «አሜን በሉ እንጂ! ሴትየዋ ደክሟታል፣ ቆማለች!» ሕዝቡ አሜን አለ፤ ሳቁም መጣ። ዲያቆኑ ሰዓቱን እያየ «ዶክተር፣ ዶሮው እየቀዘቀዘ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ኖረች። ስትችል በመኪና እንሄድ ነበር፤ ሳትችል በፖስታ እንልካለን። አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት ወረቀቷን ተቀብሎ ለጠፈ። አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ግን ወጣቷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እምቢ አለች።

«እመቤት፣ በተቋሙ ንብረት ላይ ምንም መለጠፍ አይፈቀድም።»

«መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ቢሆንም እመቤት።»

ቬርዴል ወደ እኔ አየች። እኔም ወጣቷን ወደ መስኮቱ ጠርቼ ስለ ድሮ ቴምብሮች እየጠየቅሁ አሥር ደቂቃ አቆየኋት። ቬርዴል ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ ጣቶቿ ሙጫ በሙጫ ነበሩ፤ እንደ ልጃገረድ ትስቅ ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ጧት ሞተች፤ ቤታችን ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ። አልተሠቃየችም። ስለዚያ ጧት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የሕይወት ታሪኳን ቀድማ ራሷ ጽፋው ነበር፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ዛሬ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ወረቀት ላይ ከሕይወት ታሪኩ በላይ «በዝምታ ይነበብ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ሚስ ኢዶራ በከዘራ ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ በዝምታ አላነብም» አሉ። «ይህችን ልጅ ጮክ ብላ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

አነበቡት። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ብትሳሳትም መጥታ ነግራኛለች። እናንተ ውስጥ ያልመጣችሁ አላችሁ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።» ሁለት ሦስት ሰው ወደ ጫማው ሲያይ ተመለከትኩ።

ሰዎች እየመጡ ያጽናኑኛል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እሱ እውነት ነው፤ ሁለት ኩባያ አውጥቼ አንዱን የምመልስበት ጧት አለ። ግን ስለ ሐዘኔ ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን አያምኑኝም፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ እፎይታ ነው። ያ ነገር ደረቷ ላይ ተቀምጦ ብትሞት ኖሮ እኔም አልችለውም ነበር። ጊዜ አገኘች። ሄዳ ቆማ ተናገረች፤ ሴትየዋም ቁጭ በይ አሏት። ይህ ለብዙ ሰው አይሳካም።

ሚስ ኢዶራ አሁን ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉልኛል።

«ስንት ቀረ?»

«በዚህ ሳምንት አራት ለጥፌያለሁ።»

«ስንት ለጠፍክ አላልኩህም። ስንት ቀረ ነው ያልኩህ።»

ከስድስት መቶው ቅጂ አራት መቶ ሃያ ስምንቱ ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል። አንድ መቶ ሰባ ሁለት ይቀራል፤ ከእነሱም ሠላሳ አራቱን ማን እንደገዛቸው እስካሁን አላወቅሁም።